የውሻ ኮሶ፣ የሰው ጉበትና የሐኪም መርፌ

ቁርጥ በሚወደድበት አገር ኮሶ እንግዳ አይደለም። ዛሬ የምናወራው ግን ስለ ውሻ ኮሶ ነው። ይህቺ ደቃቃ ትል የምትኖረው ውሻ አንጀት ውስጥ ነው። እንቁላሏ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። በግ ከሣር ጋር ሲውጠው፣ ሰውም ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ሲወስደው፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል። ውሻው ደግሞ የበጉን ጉበት በልቶ ዙሩን እንደገና ያስጀምረዋል። እናም ወዳጆቻችን፣ ጥሬ ሥጋ መተው ከዚህኛው አያድንም።

በሽታው ጥንታዊ ነው። ሂፖክራተስ ሳይቀር ውኃ ስለሞላው ጉበትና ስለ መፈንዳቱ ጽፏል። ጥፋተኛው የተያዘው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው)። በ1850ዎቹ ጀርመናዊው ፎን ዚቦልድ ከበግ የወጣ ከረጢት ውሾችን አብልቶ አንጀታቸው ውስጥ ትሏን አገኛት። በ1863 ናውኒን ከሰው በወጣ ከረጢት ያንኑ አሳየ።

መያዝ ሌላ፣ ማዳን ሌላ። ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ከፈሰሰ በሽተኛው በድንገተኛ አለርጂ ሊሞት ይችላል። ቢተርፍም የፈሰሱት የትል ራሶች አዲስ ከረጢት ይሆናሉ። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ዙሪያውን ጨው በበዛበት ውኃ በተነከረ ጨርቅ እየሸፈኑ፣ ፈሳሹን እየመጠጡ፣ የውስጡን ሽፋን ማውጣት ለመዱ። መርፌ መውጋት ግን ክልክል ነበር።

ምርመራውም ቢሆን ግምት ይበዛበት ነበር። በ1911 ጣሊያናዊው ካሶኒ የከረጢቱን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ወግቶ እብጠት የመጠበቅ ዘዴ አመጣ። እሱም ብዙ ጊዜ ያሳስት ነበር። አልትራሳውንድ ሲመጣ ከረጢቱ ሳይቀደድ ታየ። በ1981 ቱኒዚያዊው ጋርቢና ባልደረቦቹ የከረጢቱን መልኮች በአምስት ከፈሏቸው።

በ1986 ደግሞ እዚያው ቱኒዚያ የእነ ቤን አሞር ቡድን ክልከላውን ደፈረ። በአልትራሳውንድ እያዩ መውጋት፣ ፈሳሹን መምጠጥ፣ ትሉን የሚገድል መድኃኒት መጨመር፣ መልሶ መምጠጥ። ለሁሉም ዓይነት ከረጢት ባይሆንም፣ ከአልቤንዳዞል ጋር ሆኖ ብዙዎችን ከቢላ አዳነ። አፍሪካ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ናት ለሚሉን ይህቺን እንንገራቸው!

በሽታውን ከአገር ያጠፋው ግን ቢላም መርፌም አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አይስላንድ በዚህ በሽታ ክፉኛ ትሠቃይ ነበር። ዴንማርካዊው ክራቤ በ1863 ሄዶ አጠናና በ1864 የመከላከያ መጽሐፍ ለየቤቱ ታደለ። በ1869 ሕግ ወጣ፤ በውሻ ላይ ግብር ተጣለ፣ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃም እንዲወገድ ታዘዘ። ዛሬ አይስላንድ ከበሽታው ነጻ ናት።

እኛስ? በ1993 የታተመ ጥናት በደቡብ ኦሞ ሐመሮች ዘንድ በሽታው በተለይ የሴቶች ችግር መሆኑን አሳይቷል። ከተሜውም ዳር ቆሞ ተመልካች አይደለም። በዓል ሲደርስ በየግቢያችን በግ እናርዳለን። ጉበቱ ውኃ ቋጥሮ ከተገኘ “ለውሻው ስጡት” እንላለን። ለውሻው የዋልን ይመስለናል። ያ ጉበት የሚገባው ጥልቅ ጉድጓድ ወይም እሳት ነው። አይስላንዶች ይህን ሕግ ያደረጉት አልትራሳውንድ ሳይኖራቸው ነው።