የትምህርት ቤት ቼዝ ክበብ እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ እስከ ሰኔ ይዘልቃል?

ጥቅምት ላይ በየትምህርት ቤቱ የክበባት ዝርዝር ይለጠፋል። ሚኒ ሚዲያ፣ ቀይ መስቀል፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ከታች ደግሞ ቼዝ። ጥር ላይ ስትሄዱ ቼዙ የለም። ሰሌዳው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ልጆቹም ተበትነዋል። ሲጠየቅ መልሱ "በጀት የለም" ነው። እኛ ግን በጀት ብቻ አይመስለንም። ሦስት አራት ጎበዞች ሁሌ ያሸንፋሉ፣ ሌላው ሁሌ ይሸነፋል። ሁሌ የሚሸነፍ ልጅ ደግሞ ለምን ይመጣል?

ዕቃው ያን ያህል አያስቸግርም። ለ20 ልጅ 10 ሰሌዳ ይበቃል። የተለመደው ባለ 64 ቤት የዳማ ሰሌዳ ለቼዝም ይሆናል፣ ካልተገኘ ካርቶን ላይ በማርከር ይሰመራል። ከ32ቱ ጠጠሮች አንዱ ከጠፋ ቆርኪ ላይ "ፈ" ብሎ ጽፎ ፈረስ ማድረግ ነው። ሲዘረጋ ግን በእያንዳንዱ ተጫዋች በስተቀኝ ያለው ጥግ ነጭ ቤት ይሁን። ይቺን ስንቱ አዋቂ ይስታታል!

የመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ጠጠር አታስተምሩ። ወታደሮችን ብቻ አሰልፉ፣ 8 ለ8። ቀድሞ ማዶ ያደረሰ አሸነፈ። ጨዋታው በደቂቃዎች ያልቃል፣ የተሸነፈውም "ድገመኝ" ይላል። በሚቀጥለው ሳምንት ንጉሥና ግንብ፣ ከዚያ ጳጳስና ንግሥት፣ ፈረስ መጨረሻ ላይ። እሱ እየዘለለ ስለሚሄድ ልጆቹን ያምታታቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በየክበቡ የአራት እንቅስቃሴ ማት የሚያውቅ አንድ ልጅ አይጠፋም። ንግሥቱንና ጳጳሱን ቶሎ አውጥቶ ከንጉሡ በስተቀር ጠባቂ በሌላት ወታደር ላይ ያነጣጥራል፣ በአራተኛው ንግሥቷ ትበላታለች፣ አለቀ። በዚህች ብቻ ጀማሪውን ሁሉ ያባርራል። ስለዚህ መከላከያውን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስተምሩ። መጀመሪያ በንግሥቷ በኩል ያለውን ፈረስ አውጥቶ ከንጉሡ ፊት ሁለት ቤት የተገፋችውን ወታደር መጠበቅ። የጠላት ንግሥት ወደ ዳር ስትወጣ ደግሞ ከሌላኛው ፈረስ ፊት ያለችውን ወታደር አንድ ቤት መግፋት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ንግሥቷ ያችን የመሀል ወታደር በልታ ቼክ ትላለች፣ ቀጥላም ጥግ ያለውን ግንብ ትወስዳለች። ይህን አንዴ የመከተ ልጅ ከክበቡ አይጠፋም፤ እንደውም ያን "ጎበዝ" ፈልጎ ይመጣል።

ጭቅጭቅ የሚያመጡ ሁለት ሕጎች አሉ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፏቸው። የነካኸውን ጠጠር ታንቀሳቅሳለህ። ንጉሡ ቼክ ሳይባል ባለተራው ምንም የሚያንቀሳቅሰው ካጣ ጨዋታው እኩል ነው እንጂ ማት አይደለም።

ውድድር ስታዘጋጁ ጥሎ ማለፍ ይቅር። የመጀመሪያው ዙር ላይ ግማሹን ልጅ ወደ ቤቱ መሸኘት እኮ ነው። በስዊዝ ሥርዓት ማንም አይሰናበትም፣ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። ያሸነፈ 1፣ እኩል የወጣ ግማሽ ነጥብ ያገኛል። 20 ልጆች አምስት ዙር ቢጫወቱ ደካማው ልጅም አቻውን ማግኘቱ አይቀርም።

እግረ መንገዳችንን፣ የአገራችን ሰንጠረጅ ሲጀመር ተራ አይጠበቅም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ዓርብ ሞክሩት፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

አስተማሪው በሌለበት ቀን ክበቡ እንዳይዘጋ ደግሞ ልጆቹ እርስ በርስ ያስተምሩ። በካምፓላ የካትዌ መንደር ልጅ የሆነችው ፊዮና ሙቴሲ፣ በ2016 ፊልም የተሠራላት፣ መጀመሪያ ወደ ቼዙ ቦታ የሳባት እዚያ የሚታደለው ገንፎ ነበር። የጠጠሮቹን አካሄድ ያሳየቻት ደግሞ በዕድሜ የምታንሳት ልጅ ነች። እናንተም ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ከእሱ አንድ ወር የቀደመ ልጅ መድቡለት። ከሴቶቹም አንዷ ገና ከጅምሩ አስተማሪ ትሁን፤ አለበለዚያ ክፍሉ በወንድ ብቻ ይሞላና ሌሎቹ በር ላይ ቆመው አይተው ይመለሳሉ።

ቁልፉ በአንድ መምህር ኪስ ብቻ አይቅር፣ ሁለተኛው ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀመጥ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ 32ቱንም ጠጠር በየሳጥኑ ቆጥራችሁ ክተቱ።