ከወርቅ ጉድጓድ እስከ ማራቶን ጎዳና

ሯጭ በወበቅ ተመትቶ ጎዳና ላይ ሲንገዳገድ ስናይ ከአፋችን የሚቀድመው «ልቡ ከዳው» የሚል ፍርድ ነው። የአትሌቲክስ ሹማምንትም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የፈረዱት እንዲሁ ነበር፤ ጥም የወንድነት መፈተኛ፣ በውድድር መሀል ውሃ መጠጣት ደግሞ የደካማ ነገር ሆኖ ይታይ ነበር። ታሪኩን በቅርብ ለመረመረ ግን ሙቀትን መቋቋም በአብዛኛው የሥልጠና ውጤት ነው። የሩጫው ዓለም ይህን ዕውቀት ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ያገኘውም ከራሱ ጓዳ ሳይሆን ከማዕድን ጉድጓድና ከወታደር ካምፕ ነው።

የሴንት ሉዊሱ የኦሊምፒክ ማራቶን እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 1904 ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ 32 ዲግሪ ገደማ በሆነ ሙቀት ተጀመረ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ ጄምስ ሳሊቫን ሰውነት ያለ ውሃ እስከ የት እንደሚዘልቅ ማየት ፈልጎ መንገዱ ላይ ውሃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ሆን ብሎ አሳነሰ። ከተነሡት 32 ሯጮች የጨረሱት 14 ብቻ ናቸው። አሸናፊው ቶማስ ሂክስ ውሃ ሲለምን ረዳቶቹ አፉን በስፖንጅ ከማርጠብ አላለፉም፤ ይልቁንም ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ከእንቁላል ነጭ ጋር ሰጡት፤ በዘመኑ ማነቃቂያ መሆኑ ነው! በ1912 ስቶክሆልም ላይ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በሙቀቱ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። በ1954 ደግሞ ጂም ፒተርስ ቫንኩቨር ስታዲየም የገባው ተከታዩን 17 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነበር፤ ነገር ግን እየወደቀ እየተነሣ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይቶ እንኳ መጨረሻው መስመር ሳይደርስ በሰው እጅ ወጣ። ይህ ሰው ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ነው። ወኔ አነሰው የሚል ካለ ወኔ ምን እንደሆነ ያስረዳ።

ሙቀትን የመቋቋሚያው መልስ ያኔም ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። በዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማውጫዎች ጥልቀት በጨመረ ቁጥር ዓለቱ ይግላል። ሳንባ የሚያበላሸውን አቧራ ለማብረድ ዓለቱ ላይ ውሃ ይረጫል፤ አየሩ እርጥበት ይጠግባል፤ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ላብ ካልተነነ ገላን አያቀዘቅዝም፤ የወበቅ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በ1920ዎቹ ሠራተኞች በሙቀት ተመትተው መሞት ሲጀምሩ ኩባንያዎቹ አዲስ ገቢውን አስቀድመው ማላመድ ያዙ። በኋላ ዊንድሃምና ስትራይደም የተባሉ ተመራማሪዎች ባጠኑት ዘዴ ሠራተኛው እንፋሎት በሞላበት ክፍል ውስጥ በቀን አራት ሰዓት፣ ለስምንት ቀን ያህል፣ በምት እየተመራ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። ከዚያ በኋላ የልብ ምቱ ይረጋጋል፣ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ላቡ ቶሎና በብዛት ይወጣል። ለሰው ታዝኖ አይደለም፤ ርካሽ የጥቁር ጉልበት እንዳይባክን ነው። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በ1969 ስለ ማራቶን ሯጮች የውሃ እጥረት ጻፉ። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በበኩሉ በፓሪስ አይላንድ የምልምሎች ማሠልጠኛ ላይ ዛሬም የምንጠቀምበትን የሙቀት መለኪያ አወጣ፤ በዚያ ስሌት 70 በመቶው ክብደት የተሰጠው በእርጥብ ጨርቅ ለተጠቀለለው ቴርሞሜትር ነው።

«ችግሩ ውሃ ከሆነ ውሃ መስጠት ይበቃል» የሚል ይኖራል። አይበቃም፤ ከመጠን ያለፈ ውሃ የደምን ጨው አቅጥኖ ሯጭ ገድሎ ያውቃል። ውሃ ያልለመደን ሰውነት የለመደ አያደርገውም። ይህን ከብዙ ሐኪሞች ቀድሞ የተረዳው እንግሊዛዊው የኢንሹራንስ ጸሐፊ ዶን ቶምሰን ነው። በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ በ50 ኪሎ ሜትር እርምጃ ተዝለፍልፎ ካቋረጠ በኋላ ለሮም የተዘጋጀው ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፦ ማሞቂያ ለኩሶ፣ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ፣ ቱታ ለብሶ በእንፋሎት መሀል ይንቀሳቀስ ነበር። በ1960 ወርቁን ወሰደ።

«አበበ ቢቂላስ? በዚያው ሳምንት ሮም ላይ ያለ እንፋሎት አላሸነፈም?» የሚለው ጥያቄ ጠንከር ይላል። አበበ የተነሣው ግን አመሻሽ ላይ ነው፤ የጨረሰውም በችቦ ብርሃን፣ ቀትሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከፍታ ላይ መሠልጠን ሌላ ነው፣ ወበቅ መልመድ ሌላ፤ ቀዝቃዛና ደረቅ የደጋ ማለዳ ለሁለተኛው አያዘጋጅም። በ2019 ዶሃ ላይ የሴቶቹ ማራቶን እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ቢጀመርም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68ቱ 28ቱ አቋረጡ፤ ሦስቱም ኢትዮጵያውያት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በሳምንቱ ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው በዚያው ከተማ ወርቅና ብር አመጡ፤ ድሉ የራሳቸው ነው፣ የዚያ ሌሊት እርጥበት ግን በጣም ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ወበቅ ላለበት ከተማ ቡድን ሲመርጥ ቢያንስ የአሥር ቀን የሙቀት ልምምድ በመርሐ ግብሩ ውስጥ ያስገባ፤ ሰውነት የለመደውን በጥቂት ሳምንት ስለሚረሳ ልምምዱ ከውድድሩ ቀን ብዙ አይራቅ።