የኮሌጅ አሠልጣኙ በለንደን ኦሊምፒክ

ከ1930 እስከ 1972 (እ.ኤ.አ.) የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲን የቅርጫት ኳስ ቡድን እየመራ 876 ጨዋታዎችን ያሸነፈው አዶልፍ ረፕ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የተሳተፈው በምክትል አሠልጣኝነት ነበር። ቡድኑ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን ቢሆንም፣ በኦሊምፒክ ማጣሪያው ፍጻሜ የነዳጅ ኩባንያው ፊሊፕስ ባቋቋመው ቡድን 53 ለ 49 በመሸነፉ ዋናው ኃላፊነት ለኩባንያው አሠልጣኝ ለበድ ብራውኒንግ ተሰጠ። የኩባንያው ተጫዋቾች ደመወዝ የሚያገኙት በሠራተኝነታቸው ስለነበር እንደ አማተር፣ ማለትም ለጨዋታው ክፍያ እንደማይቀበል ስፖርተኛ፣ ይቆጠሩ ነበር። ከ14ቱ ተመራጮች መካከል ከኬንታኪና ከኩባንያው አምስት አምስት ተጫዋቾች ተካተቱ።

የ1936ቱ የበርሊን ፍጻሜ በዝናብ በጨቀየ ሜዳ ተካሂዶ በ19 ለ 8 ውጤት የተጠናቀቀ ሲሆን፣ የለንደኑ ውድድር ግን በሰሜን ለንደን በሚገኘው የሃሪንጌይ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ተካሄደ። አሜሪካ አርጀንቲናን በጭንቅ 59 ለ 57 ካሸነፈች በኋላ በፍጻሜው ፈረንሳይን 65 ለ 21 ረታች። ይሁን እንጂ ከኬንታኪዎቹ የወርቅ ተሸላሚዎች መካከል አሌክስ ግሮዛና ራልፍ ቢርድ በ1949 የጨዋታ ውጤት ለማዛባት ከአቋማሪዎች ገንዘብ መቀበላቸው በ1951 በመጋለጡ ከፕሮፌሽናል ሊግ ታገዱ፤ የረፕ ቡድንም ከ1952–53 የውድድር ዘመን ውጭ ሆነ።