ራስ፣ ከንፈርና ማዕድ፦ ከፎረፎር እስከ ወላይታ የእንሰት ጓሮ



ፎረፎርና በየጊዜው የሚላላጥ ከንፈር ይዛመዳሉን? የሕክምና ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት መንገዶችን ያሳየናል።

የመጀመሪያው መንገድ ከራስ ቆዳ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1874 ፈረንሳዊው ሉዊ ሻርል ማላሴ በፎረፎር ቅርፊት ውስጥ እርሾ መሰል ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጸ። ይህ ፈንገስ የሚመገበው የቆዳን ቅባት በመሆኑ፣ ከፎረፎር ጋር የሚዛመደው የቆዳ ብግነት ወደ ቅንድብና ወደ አፍንጫ ግራና ቀኝ ይዘልቃል። ቀዩ የከንፈር ክፍል ግን ፀጉር የማያበቅልና ቅባቱም አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ፈንገሱ ብቻውን የከንፈርን መላላጥ አያስረዳም።

ሁለተኛው መንገድ ከማዕድ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ሴብሬልና በትለር ለ18 ሴቶች በቆሎ የበዛበት፣ ሪቦፍላቪን የተባለው ቫይታሚን ቢ2 ያነሰበት ምግብ ሰጡ። የ10ሩ ከንፈር ቀላ፣ የአፋቸው ማዕዘንም ተሰነጠቀ፤ በአፍንጫ ዙሪያ ቅባታም ቅርፊት ታየ። ቫይታሚኑ ሲሰጣቸው ዳኑ። ዛሬ ማንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ የማይፈቅደው ያ ሙከራ፣ የከንፈር ሕመምና ቅባታም ቅርፊት ከአንድ ጉድለት ሊመነጩ እንደሚችሉ አመለከተ።

ይህ ወደ ወላይታ ይመልሰናል። በወላይታ እንሰትና ከብት ተነጣጥለው አያውቁም፤ ከብቱ ለጓሮው ፍግ፣ ለማዕዱ ወተትና ቅቤ ይሰጣል። ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ጉድለቱን የሚሞላው ወተት ደግሞ ዋነኛ የሪቦፍላቪን ምንጭ ነው። የሕዝቡ ቁጥር እየበዛ፣ ይዞታው እየተከፋፈለና ግጦሹ እየጠበበ ሲሄድ የከብቱ ቁጥር አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ዋዱ፣ ለበቆሎ ምርጥ ዘርና ለማዳበሪያ ትኩረት ሰጠ። ምርት ማደጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን በኩንታል የሚለካ እህል የወተትን ቦታ አይተካም።

በሶዶ የሚታይ ፎረፎር ሁሉ የምግብ እጥረት ምልክት ነው ማለቴ አይደለም። ፎረፎር በጠገበ ሰው ላይም ይታያል፤ ከንፈርም በፀሐይ፣ በነፋስና በመላስ ብቻ ሊላላጥ ይችላል። ሆኖም ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ በተለይም በሕፃንና በነፍሰ ጡር ላይ፣ ቅባት ከማዘዛችን በፊት ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ በቤቱ ውስጥ የምትታለብ ላም አለች?