እንቅልፍ ስላልሆነው እንቅልፍ

ሰው በሌላ ሰው ቃል ሊፈዝ መቻሉ በየአገሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ሕዝቡ አፍዝ አደንግዝ የሚለው አስማት የሚፈራው ስለዚህ ነው፤ የሰውን ፈቃድ ነጥቆ ገንዘቡን በገዛ እጁ ያስረክባል ይባላልና። በአውሮፓም ይህን የሚመስል ነገር ብዙ ዘመን በምትሀተኞችና በትርኢት ተመልካቾች መካከል ሲንከራተት ኖሮ በመጨረሻ ወደ ሐኪም ቤት ገባ። ዛሬ ሂፕኖሲስ ይባላል፤ ለሥነ ልቡና ሕክምናም ረዳት ሆኖ ያገለግላል። እዚህ እስኪደርስ ግን ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ዘመኑን ሁሉ የፈጀውም አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ ኃይሉ የማን ነው? የአስተኚው ነውን? ወይስ የሚተኛው? የሚል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1775 ዓ.ም. በደቡብ ጀርመን ዮሐን ዮሴፍ ጋስነር የሚባል የካቶሊክ ቄስ አጋንንትን እያወጣ ድውያንን ይፈውሳል ተብሎ ዝናው ወጥቶ ነበር። ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የሚባል የቪየና ሐኪም ወደ ሙኒክ ተጠራ። ሜስመርም ቄሱ አታላይ እንዳልሆነ፥ ነገር ግን ሳያውቀው የሚፈውሰው በተፈጥሮ ኃይል እንደ ሆነ መሰከረ። በሜስመር ትምህርት በዓለሙ ሁሉ የማይታይ ረቂቅ ፈሳሽ መልቶ ይፈሳል፤ በሰው አካል ውስጥ መንገዱ ሲዘጋ በሽታ ይሆናል፤ ሐኪሙ በእጁ ሲዳስስ መንገዱ ይከፈታል። ይህንንም «የሕያዋን ማግኔት» ብሎ ሰየመው። እንግዲህ ሜስመር ለፈውሱ አዲስ ምክንያት ሰጠው፤ ኃይሉን ግን በራሱ እጅ አኖረው።

በ1778 ሜስመር ወደ ፓሪስ ሄደ። በዚያም ውሃና የብረት ፍቅፋቂ የተጨመረበት ትልቅ የእንጨት ገንዳ አቆመ፤ ሕሙማኑም በዙሪያው ተቀምጠው ከገንዳው የወጡትን የብረት ዘንጎች በታመመው አካላቸው ላይ ያሳርፉ ነበር። አንዳንዱ ይስቃል፥ አንዳንዱ ያለቅሳል፥ አንዳንዱም ተንቀጥቅጦ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ብዙዎች ተሻለን ይሉ ነበር። መኳንንቱ ወደዚያ ስለ ጎረፉ ንጉሡ ሉዊ 16ኛ በ1784 መርማሪዎች ሾመ። ከእነርሱም መካከል የአሜሪካ መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን፥ የኬሚስትሪው ሊቅ ላቭዋዚየና የከዋክብት ተመራማሪው ባዪ ነበሩ።

በፓሲ በፍራንክሊን የአትክልት ቦታ የሜስመር ደቀ መዝሙር ዴሎን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ኃይሉን እንዲያሳድር ተደረገ። ከዚያም አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዓይኑን ታስሮ ኃይል ወዳላደረባቸው ዛፎች ተራ በተራ ተመራ። በአራተኛው ዛፍ ዘንድ ልጁ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ኃይል አደረበት የተባለው ዛፍ ግን ገና ራቅ ብሎ ነበረ። መርማሪዎቹም ፈሳሽ የተባለው እንደሌለ፥ ልጁን የጣለው የገዛ ሐሳቡ እንደ ሆነ ፈረዱ። ለንጉሡ ብቻ በምስጢር ባቀረቡት ጽሑፍም ወንድ ሐኪም በሴት ሕመምተኛ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን ቢይዝ ለጨዋነት እንደሚያሰጋ አስጠነቀቁ።

ፍርዱ ትክክል ነበረ፤ ዳሩ ግን በደጅ ላይ ቆመ። ሐሳብ የቆመውን መጣል ከቻለ፥ የወደቀውንስ ማንሣት አይችልምን? ዴሎን ራሱ አስቀድሞ፥ በሐሳብ የሚሠራ መድኃኒት የሚፈውስ ከሆነ ስለ ምን አንሠራበትም? ሲል ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ግን በዚያን ጊዜ ሰሚ አጣ።

በዚያው ዓመት ፑዪሴጉር የሚባል ባላባት በርስቱ በቡዛንሲ አንድ የታመመ ወጣት ገበሬ ሲዳስስ፥ ወጣቱ ሳይንቀጠቀጥ በጸጥታ አንቀላፋ፤ አንቀላፍቶም ሲጠይቁት ይመልስ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንቀጥቀጡ ቀርቶ ይህ ሰመመን ተፈላጊ ሆነ። ስለ ኃይሉ ባለቤት ግልጽ መልስ የሰጠው ግን በሕንድ አገር በጎዋ የተወለደው ካህን አባ ፋሪያ ነው። እርሱ በ1813 በፓሪስ ጉባኤ ዘርግቶ ሲያስተምር፥ ከአስተኚው የሚወጣ ምንም ኃይል እንደሌለ፥ የሚሆነው ሁሉ ከሚተኛው ሰው ፈቃድና ሐሳብ እንደሚመነጭ ተናገረ። ሰውን በወንበር አስቀምጦ፥ ልቡን እንዲሰበስብ ካደረገ በኋላ፥ ተኛ! ብሎ ያዝዘው ነበር። የፓሪስ ሰዎች በቲያትር ሳይቀር ቀለዱበት፤ በ1819 መጽሐፉ በታተመበት ዓመት ሞተ።

በ1841 ጄምስ ብሬድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም በማንቸስተር ከተማ የማግኔት ትርኢት ለመታዘብ ገባ። ተንኰል አገኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ የተኛው ሰው ሽፋሽፍቱን መግለጥ እንዳቃተው አየ። ወደ ቤቱ ተመልሶ ሰዎችን አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አተኵረው እንዲያዩ ቢያደርግ፥ ምንም ሳይዳስሳቸው ሰመመን ያዛቸው። በ1843 ባሳተመው መጽሐፍ እንቅልፍ ከሚለው የግሪክ ቃል አውጥቶ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም አስለመደ። በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ እንዳልሆነ፥ ልቡና በአንድ ሐሳብ ላይ ተሰብስቦ መቆየቱ እንደ ሆነ ተረዳ፤ ስሙን ሊለውጥ ቢፈልግም ስሙ ቀድሞት ሄዶ ነበር።

በፈረንሳይ አገር በናንሲ ከተማ ሊዬቦና በርንሃይም የተባሉ ሐኪሞች ይህን በየዕለቱ ሕክምና ሠሩበት። የፓሪሱ ታላቅ ሐኪም ሻርኮ ሂፕኖሲስ የሚይዘው የነርቭ ሕመምተኞችን ብቻ ነው ሲል፥ እነርሱ ግን ለጤነኛም እንደሚሆን፥ የሚሠራውም በሕመምተኛው ልብ የሚያድር ቃል እንደ ሆነ አስተማሩ፤ በክርክሩም ናንሲዎች ረቱ። በርንሃይም በ1891 ባሳተመው መጽሐፍ አርእስት ላይ ሂፕኖቲዝምንና የሥነ ልቡና ሕክምናን ጎን ለጎን አኖራቸው። በ1889 ናንሲን የጎበኘው ሲግመንድ ፍሮይድ ግን ሂፕኖሲስን ኋላ ተወው። ሁሉም ሰው አይተኛለትም፤ የተሻለውም ሕመም አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል። ሆኖም በ1918 በቡዳፔስት ሲናገር፥ ሕክምናው ለብዙ ሕዝብ የሚዳረስበት ዘመን ሲመጣ ንጹሑን የሥነ ልቡና ምርመራ ወርቅ ከመዳብ ጋራ ማቀላቀል እንደማይቀር፥ ሂፕኖሲስም እንደ ገና ቦታ ሊያገኝ እንደሚችል አመለከተ።

ነገሩም በብዙ እንዲሁ ሆነ። የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር በ1955፥ የአሜሪካም በ1958 ሂፕኖሲስን በሠለጠነ ሐኪም እጅ ለሕክምና የሚጠቅም አድርገው ተቀበሉት። በ1856 የማግኔትን ሥራ ያለአግባብ መጠቀምን ያወገዘችው የሮም ቤተ ክርስቲያንም በ1957 በጳጳሱ በፒዮስ 12ኛ ቃል ሐኪም በሥነ ምግባር ወሰን ውስጥ ሊሠራበት እንደሚችል አስታወቀች። በ1995 የ18 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ቢመዘን፥ ሐሳብንና ልማድን በሚያርመው ሕክምና ላይ ሂፕኖሲስ የተጨመረላቸው ሕመምተኞች ካልተጨመረላቸው በአማካይ ይበልጥ እንደ ተሻላቸው ታየ። ፍርሃት የያዘውን ሰው ሐኪሙ አስቀድሞ ያናግረዋል፥ የፍርሃቱን ሥር አብሮት ይመረምራል፤ ሰመመኑ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ በዚያም ጸጥታ ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር በሐሳቡ ቀርቦ ማየትን ይለምዳል። ሁሉም ሰው ግን እኩል አይቀበለውም፤ አንዱ ፈጥኖ ሲገባ ሌላው ጨርሶ አይገባም።

አደጋም አለው። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው የጠየቁትን ለመመለስ ስለሚተጋ፥ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ሊያስታውስ፥ ያንንም በፍጹም እርግጠኝነት ሊናገር ይችላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሸንጎ በ1985 እንዲህ ያለ ትዝታ ከተራው ትዝታ ይልቅ የማይታመን ሊሆን እንደሚችል ያስታወቀው ስለዚህ ነው። በዚህ ዓይነት ትዝታ አባት ባልሠራው በደል በልጁ ሊከሰስ፥ ንጹሕም ሰው ሊፈረድበት ይችላል።

እንግዲህ ለጥንቱ ጥያቄ ታሪኩ ራሱ መልስ ሰጥቷል። ኃይሉ የሕመምተኛው ነው፤ አስተኚው ደጁን ያመለክታል እንጂ ደጁን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ሜስመር ኃይሉን ለራሱ ባደረገ ጊዜ ጥበቡ መሳቂያ ሆነ፤ ጥበቡ ራሱን ዝቅ አድርጎ የሌላ ሕክምና አገልጋይ በሆነ ጊዜ ግን ጠቀመ። አፍዝ አደንግዝ ፈቃድን ይነጥቃል ይባላል፤ በዚህ ሕክምና ግን ሕመምተኛው ልቡን የሚያውሰው በፈቃዱ ነው። የተዋሰውም ሐኪም ምንም ሳይጨምርና ሳያጎድል ሊመልስለት ይገባዋል።