በደም ሥር ውስጥ ስለሚረጋ ደም



እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ፥ ብዙ ሰው ሌሊቱን በመጠለያ ውስጥ በሸራ ወንበር ተቀምጦ ያድር ነበር። ከእነዚህም መካከል ቦምብ ሳይነካቸው በድንገት የሚሞቱ ተገኙ። አስከሬን መርማሪው ሐኪም ኪዝ ሲምፕሰን ምክንያቱን ገለጠ፤ ይኸውም በእግራቸው ሥር የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባቸው በመሄዱ ነው። የወንበሩ ጠርዝ ጭናቸውን ከታች ተጭኖ የደሙን መመለሻ ስለሚያጠበው፥ ሕዝቡ ተጋድሞ የሚያድርበት አልጋ እንዲዘጋጅ መከረ።

በሳንባ የሚገኘው የረጋ ደም ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነሥቶ የሚመጣ መሆኑን ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ ቀደም ብሎ አስረድቶ፥ በ1856 ዓ.ም. ጥናቱን በመጽሐፍ አውጥቶት ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠሩት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ የደም አካሄድ መዘግየት፥ የደም ሥር ግድግዳ መጐዳት፥ የደሙም ለመርጋት መፍጠን።

ነገር ግን በዚያው ወንበር ያደሩት ሁሉ አልሞቱም። አንዱ ሲታመም ሌላው የሚድነው ስለ ምንድን ነው? ከመልሱ አንዱ ክፍል በዘር ውርስ ተገኘ። በ1965 ዓ.ም. ኦላቭ ኤግበርግ የተባለ ሐኪም፥ ደም ያለ ልክ እንዳይረጋ የሚገታው አንቲትሮምቢን የሚያንሰው አንድ የኖርዌይ ቤተ ሰብ መኖሩን አስታወቀ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ በሆላንድ በላይደን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች፥ «ፋክተር ፋይቭ ላይደን» የተባለውን የዘር ለውጥ አገኙ። ይህ ለውጥ ከ100 አውሮፓውያን በ5 ያህሉ ሲገኝ፥ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ብርቅ ነው። ሆኖም ለውጡን የወረሱት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ ይኖራሉ።

አደጋው የሚበረታው ውርስና አኗኗር ሲገናኙ ነው። ያለ ልክ መወፈር፥ ሲጋራ ማጤስ፥ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፥ ከቀዶ ሕክምና ወይም ከወሊድ በኋላ ያለው ጊዜ፥ በጕዞም ሆነ በሥራ ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ፥ ውርስ በሌለበት እንኳ ደምን ሊያረጉ ይችላሉ።

እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ፊት መዝገብ ስናገላብጥ የምንውል ሁሉ፥ በየጊዜው ተነሥተን ጥቂት ብንራመድ መልካም ነው። ከወላጆቻችን የተቀበልነውን ደም ልንለውጠው አንችልም፤ ከወንበራችን መነሣት ግን በእጃችን ነው። በቤተ ሰቡ ይህ ሕመም የነበረበትም ሰው ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይንገር። አንድ እግሩ ያበጠና የታመመ፥ ይልቁንም ትንፋሽ በድንገት ያጠረውና ደረቱን የወጋው ሰው፥ ነገ ይሻለኛል ሳይል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።