እፍ የተባለለት ካሴት

እናት የወደቀ ልጇን ጉልበት እፍ ትልለታለች። ከሰልም እፍ ይባላል፤ ትኩስ ሻይም እንደዚያው። ለቴሌቪዥን ጌምም የታዘዘው መድኃኒት ይኸው ነበር። ጌሙ አልነሳ ሲል ካሴቱን መዘዝ፣ እፍፍፍ፣ መልሶ ክትት! ሲሠራ ደግሞ እፍ ያለው ልጅ የሰፈሩ ሐኪም ሆኖ ይውላል።

ለመሆኑ ትንፋሽ ካሴት ያድናል?

ነገሩ የሚጀምረው ከኪሳራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ተንኮታኮተ። አታሪ የተባለው ኩባንያ ያልተሸጡ ካሴቶቹን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለች ከተማ ቆሻሻ መጣያ እስከ መቅበር ደረሰ (ከፊሎቹ በ2014 ተቆፍረው ወጥተዋል)። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ነጋዴ «ቪዲዮ ጌም» ሲባል ፊቱን ያዞር ጀመር።

በዚያው በ1983 ኒንቴንዶ ጃፓን ውስጥ ፋሚኮምን አወጣ። ካሴቱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ አለቀ። በ1985 አሜሪካ ሊገባ ሲል ግን የተደናገጠውን ነጋዴ ማባበል ነበረበት። ስለዚህ ኤንኢኤስ የተባለውን ኮንሶል የቪዲዮ ዴክ አስመሰለው። ካሴቱ በፊት ለፊት በር ይገባና ወደ ታች ይጫናል። ጣጣውም አብሮ ገባ።

አንደኛ፣ ካሴቱን የሚነክሱት 72 ፒኖች በተጫኑ ቁጥር እየታጠፉ ላሉ። ሁለተኛ፣ ኩባንያው ያልፈቀደው ጌም እንዳይሠራ በኮንሶሉና በካሴቱ ውስጥ ሁለት ጠባቂ ቺፖች ተቀመጡ። ሁለቱ ካልተግባቡ ኮንሶሉ በሰከንድ አንዴ ያህል እንደ አዲስ ይነሳል። ያ ስንቱን ልጅ ያስለቀሰ ብልጭ ድርግም ይኼ ነው። ጌሙ ደህና ሆኖ እንኳ ፒኑ በትንሹ ከሳተ ጠባቂዎቹ ይኳረፋሉ።

ታዲያ እፍ ሲባል ለምን ይሠራ ነበር? ካሴቱ ወጥቶ ስለገባ ነዋ! ፒኖቹ ሌላ ዕድል ያገኛሉ፤ ምስጋናውን ትንፋሽ ይወስደዋል። ትንፋሽ የሚተወው እርጥበት ነው፤ እርጥበት ደግሞ ውሎ አድሮ የብረቱን ጫፍ ያበላሻል። መድኃኒት ያልነው ቀስ ብሎ የሚገድል ነበር ማለት ነው።

ኒንቴንዶም በ1989 የጽዳት ዕቃ አውጥቶ ሸጠ። ፅዳቱ አይጠላም፤ አቧራና የእጅ ወዝ እውነተኛ ጠላቶች ናቸው። ግን ዋናው ሕመም ልጆቹ እጅ ላይ አልነበረም። በ1993 ኩባንያው ካሴቱ እንደገና ከላይ የሚገባበት፣ ጠባቂ ቺፑም የሌለበት አዲስ ሞዴል አወጣ። ብልጭ ድርግሙ ቀረ። አሥር ዓመት ዞሮ ዞሮ ወደ ፋሚኮም!

ዛሬ አሮጌ ኮንሶል የሚጠግኑ ሰዎች አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ነክረው የካሴቱን ጫፍ ይጠርጋሉ፤ በደንብ ሳይደርቅም አይከቱትም። ከካሴቱ ጀርባ ያለው ማስጠንቀቂያ አልኮልን ይከለክል ነበር፤ ልምድ ግን ሌላ አስተማረ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ዕቃ ሲበላሽ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የገዛ እጃችንን ነው፤ «አቆሸሽኩት፣ አልያዝኩትም» እንላለን። የስንቱ ልጅ ጥፋት ተብሎ የተቆጠረው አቧራ፣ ግማሹ ሲሠራ የተሠራ ስህተት ነበር። እፍ ከማለታችን በፊት «ይኼ ነገር ሲሠራስ እንዴት ነው የተሠራው?» ብንል ምን ይለናል?